ርችት ፊት ላይ ከፈነዳ ምን ይደረጋል (ከቁስሉ በኋላ የሚመጣውም)

ቡሄና እንቁጣጣሽ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ርችት ነው። የእህቴ ልጅ አልፈነዳም ብሎ ጎንበስ ሲልበት ነው ፊቱ ላይ የፈነዳው፣ ሐኪም ቤት ስንመላለስ የገባኝን ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ውሃ። ቀዝቀዝ ያለ የቧንቧ ውሃ 20 ደቂቃ ሙሉ፣ ቧንቧ ከሌለ በጆግ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። በረዶ አይሆንም። ኮልጌት ቀቡት፣ ቅቤ ቀቡት የሚል ጎረቤት አይጠፋም፣ አትስሙት፤ ነርሷ ኮልጌቱን ከቁስሉ ላይ ስትጠርግ ልጁ የጮኸው ጩኸት አይነገርም።

ድምፁ ከጎረነነ፣ የአፍንጫው ፀጉር ከተለበለበ ወይ አክታው ጥቀርሻ ካለው ግን የመተንፈሻ ቱቦው ሊያብጥ ስለሚችል ወዲያው 907 (የቀይ መስቀል አምቡላንስ) ደውሉ።

አሁን ዓይን፣ ዋናው ጣጣ እዚህ ነው። አመድና ባሩድ ብቻ ከገባ በንጹህ ውሃ ደህና አድርጋችሁ እጠቡ። ዓይኑ ውስጥ ደም ከታየ፣ የተሰካ ነገር ካለ ወይ ብሌኑ ቅርጹን ከለወጠ ግን ውሃም፣ ጠብታም፣ ቅባትም የለም፣ የተሰካውንም እንዳትነቅሉ። የፕላስቲክ ኩባያ ቂጡን ቆርጣችሁ አውጡና ያንኑ ቂጡን እንደ ክዳን ዓይኑን ሳይነካ አጥንቱ ላይ እንዲያርፍ አድርጋችሁ በፕላስተር ያዙት፣ ኦፕሬሽን ሊገባ ስለሚችል ምግብም አይቅመስ። ነገ ጠዋት እንወስደዋለን የሚባል ነገር የለም፣ የዓይኑ ቆብ አብጦ ከተዘጋ ሐኪሙም ገልጦ ለማየት ይቸገራል። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ለዓይን ምኒልክ ሆስፒታል፣ ለቃጠሎ የካቲት 12 ሆስፒታል አለ። የቴታነስ መርፌና ጆሮውን ማሳየትም እንዳይረሳ።

ቆዳው ላይ የቀሩትን ጥቁር ነጥቦች "ሲድን ይጠፋሉ" ቢሏችሁ እንዳታምኑ! ባሩድ ነው። በማደንዘዣ በብሩሽ ታሽቶ የሚወጣው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፣ ቆዳው ከላይ ከዘጋበት እንደ ንቅሳት ይቀራል። ከዛ በኋላ ያለው ሌዘር ነው፣ እሱም ያልተቃጠለ ባሩድ ካገኘ እዛው ቆዳ ውስጥ ሊያፈነዳው ይችላል። ስለዚህ እዛው ድንገተኛ ክፍል እያላችሁ ጠይቁ።

ቁስሉ ከደረቀ በኋላም አላለቀም። ጠባሳው በወራት ውስጥ እየወፈረ ይሸበሸባል፣ የአፍ ጥግን ያጠባል፣ የታችኛውን የዓይን ቆብ ወደ ታች ይጎትታል። ሲሊኮን ጄል (ውድ ነው ግን ከየትኛውም "የጠባሳ ክሬም" ይሻላል)፣ ሰንስክሪን፣ ሰፊ ኮፍያ ይኑራችሁ። ማታ ሲተኛ በስልክ መብራት ከጎን እዩት፣ ቆቡ ሳይገጥም ነጩ ከታየ ዓይኑ እየደረቀ ነውና ቀጠሮ ሳትጠብቁ ዓይን ሐኪም ጋ ውሰዱት።