በ40ዎቹ ዕድሜ ትልቅ የኦዲት ድርጅት ሲገቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ ባንክ ቤት 14 ዓመት ሠርቻለሁ። አሜሪካ መጥቼ አንድ ትልቅ የኦዲት ድርጅት በጀማሪነት ሲቀጥረኝ 43 ዓመቴ ነበር። “ቢግ ፎር” የሚባሉት ዴሎይት፣ ፒደብልዩሲ፣ ኢዋይ እና ኬፒኤምጂ በጀማሪነት የሚቀጥሩት በአብዛኛው ከኮሌጅ በቅርቡ የወጡ ልጆችን ነው። እንደኔ ዘግይቶ የገባ ሰው የሚቸገረው በሥራው አይደለም፤ ሂሳቡን ያውቀዋል። የሚጥለው ከድሮው ቤት ይዞት የመጣው ልማድ ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ሰዓት መደበቅ ነው። እነዚህ ድርጅቶች የሚሸጡት ሰዓት ነው። ለየትኛው ደንበኛ ስንት ሰዓት እንደሠሩ ታይምሺት ላይ ይሞላሉ። አንድ ጊዜ 8 ሰዓት የተመደበለት የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ 13 ሰዓት ፈጀብኝ። “ሰውዬው ዘገምተኛ ነው” እንዳልባል ፈራሁና 8 ብዬ ሞላሁ። አምስቱን ሰዓት ሌሊት ቤቴ ነበር የሠራሁት። ማናጀሯ ሥራው በ8 ሰዓት እንደሚያልቅ አመነች። በቀጣዩ ዓመትም ያንኑ 8 ሰዓት መደበች፤ ሥራውን የተረከበችው ልጅ አሳሯን አየች። የደንበኛው መዝገብ የተዝረከረከ መሆኑም ተደብቆ ቀረ። ለኦዲተር ደግሞ ይህ ራሱ ትልቅ ወሬ ነበር! ይህን ማድረግ በድርጅቱ ደንብ የተከለከለ እንደሆነም የገባኝ በኋላ ነው። የሠሩትን ያህል ይሙሉ። ሰዓቱ ሊያልፍ መሆኑን ሲያዩ፣ ሳያልፍ ይናገሩ።

ሁለተኛው በሪቪው ኖት፣ ማለትም አለቃ ሥራዎን አይቶ በሚጽፍልዎት አስተያየት፣ መቀየም ነው። የ26 ዓመት ሲኒየሬ (የቅርብ አለቃዬ) በአንድ የሥራ ወረቀቴ ላይ 31 አስተያየት ጻፈችብኝ። “ይህ ቁጥር ከየት መጣ?” “ማስረጃው የታለ?” ሁለት ቀን አኮረፍኩ። በኋላ ሳይ የእሷንም ሥራ ማናጀሯ እንደዚያው ትመልስላታለች፤ የማናጀሯን ደግሞ ፓርትነሩ፣ ማለትም ከድርጅቱ ባለቤቶች አንዱ። የኦዲት ፋይል ሥራውን ፈጽሞ ያላየ ሌላ ኦዲተር አንብቦ እንዲረዳው ሆኖ መጻፍ አለበት። በአክሲዮን ገበያ የሚሸጥ ኩባንያ ፋይል 7 ዓመት ይቀመጣል። ልጅቷ የምትጠብቀው ያንን ነው፤ ዕድሜዬን አልናቀችም።

ሳይገባዎት እሺ አይበሉ። እኛ አለቃን ደጋግሞ መጠየቅ ድፍረት ይመስለናል። እዚያ ግን ሦስት ቀን በይሉኝታ ተጉዞ የተሳሳተ ሥራ ማስረከብ ነው የሚያስወቅሰው። በመጀመሪያው ሰዓት ይጠይቁ።

የባለቤትዎን ገንዘብም አይርሱ። የወጣት ባልደረቦችዎ ንብረት ጥቂት ነው፤ እርስዎ ግን ትዳርና የጡረታ ቁጠባ አለዎት። ድርጅቱ ኦዲት በሚያደርገው ኩባንያ ውስጥ ባለቤትዎ አክሲዮን ካላቸው የገለልተኝነት ደንቡን ሊጥሱ ይችላሉ። በመጀመሪያው ሳምንት አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ ዘርዝሩ።

ሲፒኤውን (የአሜሪካን የሂሳብ ባለሙያ ፈቃድ) ደግሞ “ትንሽ ልረጋጋ” እያሉ አያቆዩት። ፈተናው 4 ክፍል ነው። ከ2024 ጀምሮ 3ቱ ለሁሉም የጋራ ሲሆኑ አንዱን ተፈታኙ ይመርጣል። ከጃንዋሪ እስከ ማርች ቢዚ ሲዝን፣ ሥራ የሚበዛበት ወቅት፣ ስለሆነ መጽሐፍ መግለጥ አይታሰብም። እኔ ሁለቱን ያለፍኩት በአሜሪካ በጋ፣ ከጁን እስከ ኦገስት ባለው ጊዜ ነው። የአገር ቤት ትራንስክሪፕት መገምገም ስላለበትና ከዩኒቨርሲቲ እስኪላክ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ሥራ ሳይጀምሩ ያስልኩት።