ስለ ሕያዋን ንጥረ ነገሮች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ሰውነታችን የተሠራው ከየትኞቹ ንጥረ ነገሮች ነው?» ብዬ ስጠይቅ «ውሃ፣ ፕሮቲን፣ ቅባት» የሚል ተማሪ ያላጋጠመኝ ዓመት የለም። አልፈርድባቸውም፤ ንጥረ ነገርና ንጥረ ምግብ ስማቸው ይመሳሰላል። ፕሮቲን ንጥረ ምግብ ነው። ውሃ ደግሞ የሃይድሮጅንና የኦክስጅን ውህድ ነው። ንጥረ ነገር የሚባለው በኬሚካዊ መንገድ ወደ ሌላ የማይበተነው ነው።

ክብደትንና ቁጥርን ማምታታትም አለ። ከሰውነታችን በክብደት ኦክስጅን 65 በመቶ ገደማ፣ ካርቦን 18፣ ሃይድሮጅን 10፣ ናይትሮጅን 3 ነው። አቶሞቹ አንድ በአንድ ቢቆጠሩ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሃይድሮጅን ነው፤ ቀላል ስለሆነ ሚዛን ላይ ያንሳል። «የሚበዛው የቱ ነው?» ከተባላችሁ በምን ተለክቶ እንደሆነ አጣሩ። (ፈተና አውጪዎችም ይህን መጻፍ ይረሳሉ።)

ከሁሉ ሥር የሰደደው «ተክል የሚገዝፈው አፈር በልቶ ነው» የሚለው ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን የብራስልሱ ሐኪም ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት አንድ የአኻያ ችግኝ በተመዘነ አፈር ላይ ተክሎ አምስት ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣው። ዛፉ ከ70 ኪሎ በላይ ጨመረ፤ ከአፈሩ የጎደለው 60 ግራም እንኳ አይሞላም። ሐኪሙ «እንግዲያው ከውሃው ነው» አለና እሱም ተሳሳተ፤ የእንጨቱ ካርቦን የመጣው ከአየር ነው። ምጣድ ላይ ተረስቶ ያረረ እንጀራ አይታችኋል? ያ ጥቁረት በአብዛኛው ጤፉ በቅጠሉ ከአየር የሰበሰበው ካርቦን ነው።

ናይትሮጅንን ግን እንደዚያ ከአየር እናገኛለን ማለት አይቻልም። የምንስበው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ሆኖ ሳለ እንደገባ ይወጣል፤ የሚጠቅመን በምግብ የሚመጣው ነው። ባቄላ ከአየሩ የሚጠቀመው ሥሩ እባጭ ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች በኩል ነው።

«ጥቂት ከሆነ ባይኖርም ግድ የለም» የሚሉም አሉ። በአዋቂ ሰው ገላ ውስጥ ያለው አዮዲን ከ20 ሚሊግራም ብዙም አይበልጥም፤ እሱ ሲጎድል ግን እንቅርት ይወጣል። ዝናብ አፈሩን ባጠበበት ደጋ እህሉም አዮዲን ያንሰዋል፤ ጨው ላይ የሚጨመረው ለዚህ ነው። አዮዲን ያለውን ጨው ክፍት አድርጎ ምድጃ ዳር ማኖር፣ ወጡ ገና ሲጣድ መጨመርም ያባክነዋል። ከድናችሁ አስቀምጡት፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጣል አድርጉበት።