ሐረጉ ጠወለገ፣ አላበበም፣ አልወጣም፦ ችግርና መፍትሄ

ፓሽን ፍሩቱ በክረምት ጠወለገ፣ ቅጠሉም ቢጫ ሆነ

አፈሩ ርሶ ሳለ ሐረጉ ውሃ የጠማው ከመሰለ ችግሩ ከሥር ነው። ተባይ ነው ብሎ መድኃኒት መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው። ግንዱ ከመሬት የሚገናኝበትን ቦታ በጣት ገለጥ ያድርጉና ቅርፊቱን በጥፍር ፋቅ ያድርጉት። ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ተስፋ አለው። ቡናማ ሆኖ ልስልስ ብሎ ከተላጠ በስብሷል። ጥቁር አፈር በሐምሌና በነሐሴ ውሃ ስለሚቋጥር ሥሩ አየር ያጣል፤ መበስበሱ ከዚያ ይከተላል። የአሸንዳው ውሃ እዚያው የሚወርድ ከሆነማ ሌላ ምክንያት አይፈልጉ።

አረንጓዴ ከሆነ ግንዱን የነካውን ፍግና ጉዝጓዝ አንድ ስንዝር ያርቁ፤ ከግንዱ ግማሽ ሜትር ያህል ራቅ ብለው ወደ ቁልቁለቱ የሚሄድ ቦይ ያውጡ። ዙሪያውን ከበሰበሰ ነቅሎ መጣል ነው፤ በሽታው አፈር ውስጥ ስለሚቆይ በዚያው ጉድጓድ ሌላ ፓሽን አይተከልም።

አዲስ ከመትከል በፊት 40 ሳ.ሜ. ጉድጓድ ቆፍረው ማታ ውሃ ይሙሉበት። ጠዋት ውሃው ካልሰረገ ጉድጓዱን ይተዉትና 40 ሳ.ሜ. ከፍታ፣ 1 ሜትር ስፋት ያለው ጉብታ ይሥሩ፦ 2 እጅ አፈር፣ 1 እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ 1 እጅ ደቃቅ ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር)።

አበባው ይረግፋል፣ ፍሬ አይዝም

የፓሽን ወንዴ ዱቄት ከባድና የሚጣበቅ ስለሆነ ነፋስ አያደርሰውም፤ ንብ ያስፈልገዋል። ዝናብ ሲነካው ደግሞ ይፈነዳል፤ ስለዚህ የክረምት አበባ ቢረግፍ አይደንግጡ። በበጋም ከረገፈ በእጅ ይርዱት። የሐምራዊው ዓይነት አበባ ጠዋት ተከፍቶ እኩለ ቀን ገደማ ይዘጋል። ረፋዱ ላይ በለስላሳ ብሩሽ ከ5ቱ ወንዴዎች ዱቄቱን አንስተው ከላይ ያሉትን 3 የሴቴ ጫፎች ይቀቡ።

ቡጋንቪላው ቅጠል ብቻ ሆነ

ውሃና ፍግ በዝቶበታል፣ ወይም ጥላ ይዞታል። ማታ ማታ ጎማ እየዘረጉ ማጠጣት ለጎመን እንጂ ለቡጋንቪላ አይሆንም። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ያግኝ። ዝናቡ ሲያቆም ዩሪያና ፍግ ያቁሙ፤ አፈሩ እስከ 5 ሳ.ሜ. ሲደርቅ ብቻ ያጠጡ። የሚቆረጠው አበባው ካለፈ በኋላ ነው።

ሐረጉ አልወጣም፣ ግንቡ ሥር ተከማችቶ ቀረ

ፓሽንና ወይን በቀጭን ጅማት ስለሚይዙ ለስላሳ ብሎኬትም ሆነ ወፍራም አጣና አይመቻቸውም፤ ከአጣና አጣና ሽቦ ይወጥሩላቸው። ቡጋንቪላ ግን ራሱ አይጠመጠምም። በጨርቅ ቅዳጅ ላላ አድርገው ይሰሩት፤ በሽቦ ቢታሰር ግንዱን ይቆርጠዋል።

በኅዳርና በታኅሣሥ ጫፉ ጠቆረ

ውርጭ ነው፤ በተለይ በሱሉልታ ሜዳ። የጠቆረው ክፍል የታችኛውን ስለሚሸፍን ቶሎ አይቁረጡት፤ ውርጩ አልፎ አዲስ ቡቃያ ሲታይ እስከ አረንጓዴው ድረስ ይከርክሙ። ትንሹን ተክል ማታ በጆንያ ይሸፍኑና ጠዋት ያንሱለት። በየዓመቱ የሚመታዎት ከሆነ ቡጋንቪላውን ይተዉትና የደጋውን ጠንበለል ወይም የአዞ ሐረግ ይትከሉ። የአዞ ሐረግ ፈሳሹ ቆዳ ያቆስላልና ሲቆርጡት ጓንት ያድርጉ።