«አዋጁ ይሻሻል» ከማለትዎ በፊት፦ የፍትሕ ፖሊሲ አማካሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ከፍተኛ የፖሊሲ አማካሪ» የሚለው መጠሪያ ሲሰሙት ይከብዳል። ሥራው ግን ሁለት ጥያቄ ነው። ኃላፊው ምን ይወስን? ወረዳ ላይ ያለው ዐቃቤ ሕግ ውሳኔውን በምን አቅሙ ይፈጽመው? እዚህ ጎንደር በፍትሕ መሥሪያ ቤቶች ዙሪያ የማያቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ሁለተኛውን ጥያቄ ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

ለሁሉም ችግር ሕግ ማዘዝ

አብዛኞቻችን ሕግ ነው የተማርነው። ስለዚህ ችግር ሲነገረን እጃችን ወደ አዋጅ ይሄዳል። ምስክር አይቀርብም ሲባል «የሥነ ሥርዓት ሕጉ ይሻሻል» ብለን እንጽፋለን። እስቲ መጥሪያውን እንከተለው። ከፍርድ ቤት ወጥቶ ለፖሊስ ይሰጣል። ፖሊሱ መኪና ስለሌለው ለቀበሌው ሊቀመንበር በሰው ይልካል። ሊቀመንበሩ የገበያ ቀን ይጠብቃል። ምስክሩ እጅ ሲገባ ቀጠሮው አልፏል። በጊዜ ደርሶት ቢመጣ እንኳ አዝመራውን ጥሎ፣ የትራንስፖርቱን ከኪሱ ከፍሎ፣ «ዛሬ ችሎት የለም፣ ለሌላ ቀን ተቀጥሯል» ተብሎ ይመለሳል። በሚቀጥለው ይመጣል? እኔ ብሆን አልመጣም። በጸጥታው ምክንያት መንገድ ሲዘጋማ ጭራሽ ተዉት።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ በአዋጅ የሚፈታው የቱ ነው? የምስክር አበል በጀት ይጠይቃል። ቀጠሮ ሲለወጥ ቀድሞ በስልክ መናገር አንድ ሠራተኛና የሞባይል ካርድ ይጠይቃል። መጥሪያ መድረሱን የሚከታተል መዝገብ ደብተር ብቻ ነው የሚፈልገው። ኃላፊው ነገ ሊፈርምበት የሚችለው እንዲህ ያለውን ነው።

ሕግ መለወጥ ያለበት ጊዜም አለ፤ አልክድም። ግን ቶሎ አይመጣም። የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲው በ2003 ሲጸድቅ የጥፋተኝነት ድርድርን (ተከሳሹ ጥፋቱን አምኖ ቅጣቱ እንዲቀልለት ከዐቃቤ ሕግ ጋር የሚደራደርበትን አሠራር) ይዞ ነበር። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ችሎት ላይ ሲሠራበት የኖረው የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ምክርዎ አዲስ ሕግ የሚጠብቅ ከሆነ፣ እስከዚያ ድረስ ምን እንደሚደረግም አብረው ይጻፉ።

የማን ሥልጣን እንደሆነ ሳያዩ መጻፍ

የአዲስ አበባን ሰነድ ኮፒ ፔስት አድርጎ የከተማውን ስም ብቻ መቀየር የተለመደ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መሠረት የወንጀል ሕግ በዋናነት የፌዴራል ጉዳይ ነው። የቤተሰብ ሕግ ግን የክልል ነው። አማራ ክልል አዋጅ ቁጥር 79/1995 አለው። የፌዴራሉን 213/1992 ጠቅሶ ለዞን ፍትሕ መምሪያ ምክር የሚጽፍ ሰው ገና ከመግቢያው ይታወቅበታል። የመመሪያ አወጣጥም እንደዚሁ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የሚገዛው የፌዴራል ተቋማትን እንጂ የክልሉን ቢሮ አይደለም። (ረቂቅን ለሕዝብ አስተያየት ማቅረብ ግን ማንም አልከለከለም፤ ቢለመድ ጥሩ ነው።) የክልሉን ሕግ ደግሞ ከዝክረ ሕግ፣ ማለትም ከክልሉ የሕግ ጋዜጣ ላይ ያንብቡ። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ፒዲኤፍ ማሻሻያው የተካተተበት ይሁን አይሁን አይታወቅም።

ቁጥሩን እንዳለ መዋጥ

ብዙ ሪፖርት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። «የማስቀጣት ምጣኔ 90 በመቶ ደረሰ» የሚል ሪፖርት ቢመጣ ደስ ይላል። ግን ከምን ላይ ነው 90 የሆነው? እንበልና ፖሊስ 100 መዝገብ አምጥቷል። ዐቃቤ ሕግ 60ውን ማስረጃ አይበቃም ብሎ በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 42 ዘጋ። በ40ው ክስ መሠረተ፤ 36ቱ ተቀጡ። ስሌቱ ትክክል ነው፣ 90 በመቶ ነው። አቤቱታ ይዘው ከመጡት 100 ሰዎች አንጻር ግን አጥፊው ሲቀጣ ያዩት 36 ናቸው። ጉዳዩ ያለው በተዘጉት 60 ውስጥ ነው። ስለዚህ የተዘጉትን መዝገቦች ራስዎ አውጥተው ጥቂቱን ያንብቡ። ማስረጃው ከመጀመሪያው የለም ወይስ ምስክሩ ጠፋ? ሁለቱ የተለያየ መድኃኒት ነው የሚፈልጉት።

ሌላው የሩብ ዓመት ንጽጽር ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ፍርድ ቤቶች ደግሞ በክረምቱ እረፍት በከፊል ይዘጋሉ። የአንደኛው ሩብ ዓመት ቁጥር ዝቅ ብሎ በሁለተኛው ቢያሻቅብ «የሪፎርሙ ውጤት» ብሎ መጻፍ ያስቃል። ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሩብ ጋር ያነጻጽሩ።

የጎንደር ልዩ ወጥመድም አለ። በድሮ ሰነድ «ሰሜን ጎንደር ዞን» ሲባል ዛሬ ሰሜን፣ ማዕከላዊና ምዕራብ ጎንደር ተብለው የተከፈሉትን ያጠቃልላል። ዛሬ ሰሜን ጎንደር ስንል ዋና ከተማው ደባርቅ ነው፤ መተማም ምዕራብ ጎንደር ነው። የድሮውንና የአሁኑን «ሰሜን ጎንደር» ጎን ለጎን አስቀምጦ «ወንጀል ቀነሰ» ማለት ዞኑ መቀነሱን አለማየት ነው።

ሽምግልናን ማምለክ ወይም መናቅ

ሁለት ዓይነት አማካሪ አለ። አንዱ ሽምግልና ሁሉን ይፈታል ይላል። ሌላው ኋላ ቀር ነው ብሎ ሰነዱ ውስጥ ስሙን እንኳ አያነሳም። በደም ጉዳይ ሁለቱም ይሳሳታሉ። ሰው ሲገደል መንግሥት ይከሳል፤ እርቅ ክሱን አያስቀርም። ነገር ግን ሽማግሌ ገብቶ ደም ከደረቀ በኋላ ምስክር ዝም ይላል፣ መዝገቡም ይፈርሳል። በተቃራኒው ያለ እርቅ ተፈርዶ ገዳዩ ቅጣቱን ጨርሶ ሲወጣ የሟች ወገን ይጠብቀዋል። ስለዚህ ትክክለኛው የፖሊሲ ጥያቄ ቅደም ተከተሉ ነው። እርቁ መቼ ይሁን? የምስክርነት ቃል አስቀድሞ እንዴት ይያዝ? ካሳውስ በቅጣት ማቅለያነት እንዴት ይቅረብ?

አንድ ቦታ ላይ ግን አልደራደርም። በጠለፋና በመድፈር ጉዳይ የሁለቱ ቤተሰብ ሽማግሌዎች ይስማማሉ፤ ልጅቷን የጠየቃት የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) የግልና የቤተሰብ ክርክርን በባህላዊ ሕግ ለመዳኘት በር የሚከፍተው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው። ወንጀልን አይመለከትም።

ረጅም መጻፍና ዘግይቶ ማምጣት

ኃላፊው ሃያ ገጽ አያነብም። ሁለት ገጽ ይበቃል፤ ሦስት አማራጭ፣ የእያንዳንዱ ወጪ፣ የእርስዎ ምርጫ። «ምንም አለማድረግ» አንዱ አማራጭ ይሁን። በጀት የሚጠይቅ ምክር ሰኔ ላይ ይዞ መምጣት ደግሞ ለከርሞ ማለት ነው።

ለአንድ መዝገብ ስልክ ማንሳት

ጎንደር ሰው ይተዋወቃል። ፒያሳ ማኪያቶዎን ሳይጨርሱ አንድ ዘመድ ይመጣል። «ጋሼ፣ እርስዎን ይሰማሉ። አንዲት ስልክ ብቻ ይደውሉልኝ።» ሰውየው ምናልባት እውነትም ተበድሎ ይሆናል። ቢሆንም አይደውሉ። «መዝገቡ የት ደረሰ?» ብቻ ብለው ቢጠይቁ እንኳ ከቢሮ የመጣ የአማካሪ ስልክ ለዳኛው ተራ ጥያቄ አይደለም። የዳኝነት ነፃነት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 የተጻፈው ለዚህ ነው።

እምቢ ብሎ መሸኘትም ጥሩ አይደለም። ጠበቃ መግዛት ካልቻለ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ቅሬታው በዳኛው ሥነ ምግባር ላይ ከሆነ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ አለ። በፍርዱ ላይ ከሆነ ይግባኝ አለ፤ ጊዜው እንዳያልፍበት ይንገሩት። ያንኑ ቅሬታ ሌሎችም ካመጡልዎ ስማቸውን ይተዉና ችግሩን ብቻ ለሚቀጥለው ማስታወሻ ያስቀምጡት።