«አልተገኘም»፦ በዳታቤዝ ፍለጋ ቴስት ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ሠራተኛዋ የታካሚዋን ስም «አለምጸሀይ» ብላ ጻፈች። ስክሪኑ ላይ «አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ መጣ። ታካሚዋ ግን ባለፈው ወር መጥታ ካርድ አውጥታለች፤ ያኔ የተመዘገበችው «ዓለምፀሐይ» ተብላ ነው። ሠራተኛዋ ቀና ብላ ሰልፉን አየችና አዲስ ካርድ ከፈተች። የታካሚዋ የመድኃኒት አለርጂ የተጻፈው በአሮጌው ካርድ ላይ ነበር።

ይህን ያየሁት በአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ከጀርባዋ ቆሜ ነው። ፕሮግራሙን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የፍለጋውን ቴስቶች፣ ማለትም ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹትን ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። በዚያ ጠዋት ሁሉም አልፈው ነበር። ከዚያ ወዲህ የጀማሪዎችን ኮድ ስመለከት እነዚያኑ ስህተቶች ደግሜ ደጋግሜ አገኛቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹ እንደ ቀድሞው የራሴ ሥራ ስለሆኑ ያሳስቡኛል፣ አንዳንዶቹ ደግሞ በእውነት ያናድዱኛል።

ዳታቤዙን በአስመሳይ መተካት

በጣም የሚያናድደኝ ይህ ነው። ቴስት ጸሐፊው በእውነተኛው ዳታቤዝ ፋንታ አንድ አስመሳይ ያስቀምጣል። «አበበ የሚል ጥያቄ ሲመጣ እነዚህን ሁለት ረድፎች መልስ» ብሎ ያዘዋል። ከዚያ ፍለጋውን «አበበ» ብሎ ይጠራና ሁለት ረድፍ መምጣቱን ያረጋግጣል። ምን ተፈተነ? በቀኝ እጁ የሰጠውን በግራ እጁ ተቀበለ፣ ሌላ የሆነ ነገር የለም። የፍለጋ ሥራ የሚሠራው ኩዌሪው (ለዳታቤዙ የሚላከው ጥያቄ) ነው፤ ኩዌሪው በዚህ ቴስት ውስጥ አንድ ጊዜም አልሮጠም። የአምዱ ስም ቢቀየር፣ «እና» መሆን ያለበት «ወይም» ቢሆን፣ ማጣሪያው ጭራሽ ቢጠፋ ቴስቱ ማለፉን ይቀጥላል። እንዲህ ያለ ቴስት ከሌለ ይሻላል፤ ምክንያቱም ቴስት የሌለው ኮድ ቢያንስ ሰው ይጠራጠረዋል።

ይህን ስናገር «ዳታቤዝ የነካ ቴስት ዩኒት ቴስት (አንድን ትንሽ የኮድ ክፍል ለብቻው የሚፈትን) አይባልም» የሚል መልስ አላጣም። ስሙን የፈለጋችሁትን በሉት፤ ሥራውን ግን ለሁለት ክፈሉት። የሚፈለገውን ቃል የሚያጸዳው፣ ፊደሉን አንድ ዓይነት የሚያደርገው፣ ልዩ ምልክቶችን የሚያመክነው (ልዩ ትርጉማቸውን የሚያሳጣው) ኮድ ዳታቤዝ አያስፈልገውም። ጽሑፍ ይቀበላል፣ ጽሑፍ ይመልሳል። ለእርሱ የፈለጋችሁትን ያህል ዩኒት ቴስት ጻፉለት፤ መቶ ቢሆኑም ዓይን ሳይርገበገብ ያልቃሉ። ኩዌሪው ራሱ ግን እውነተኛ ዳታቤዝ ላይ፣ እውነተኛ ረድፎች ገብተውለት ይሞከር።

«እውነተኛ» ስል አገልግሎቱ የሚሠራበትን ዓይነት ማለቴ ነው። አገልግሎቱ በፖስትግሬስ እየሠራ ቴስቱን ቀላል ስለሆነ ብቻ በኤስኪውላይት ማስኬድ የተለመደ ነው። የኤስኪውላይት «ላይክ» (በከፊል የሚመሳሰል ጽሑፍ የሚፈልገው ትእዛዝ) የእንግሊዝኛን ትልቅና ትንሽ ፊደል ሳይለይ ይፈልጋል፤ የፖስትግሬሱ ይለያል፣ እንዳይለይ ከፈለጋችሁ «አይላይክ» ማለት አለባችሁ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው በአማርኛ ስሞች የሞከረ ሰው ልዩነቱን አያየውም። የሚያየው ስማቸው በፓስፖርታቸው እንዳለው በላቲን ፊደል የተመዘገበ ሰዎች መጥተው ካርዳቸው ሲጠፋ ነው። በዶከር (ፕሮግራሞችን ለብቻቸው አሽጎ በሚያስነሣ መሣሪያ) ትክክለኛውን ዳታቤዝ ማስነሳት የጥቂት ሰከንዶች ጉዳይ ነው፤ ሰበብ አይሆንም።

መገኘት ያለበትን ብቻ መፈተን

አንድ ረድፍ አስገብቶ ያንኑ ረድፍ ፈልጎ ማግኘት ምንም አያረጋግጥም። ሠንጠረዡን እንዳለ የሚመልስ ኮድም ይህን ቴስት ያልፋል። «ከበደ»ን ስታስገቡ አጠገቡ «አበበ»ንም አስገቡ፣ «ከበደች»ንም አስገቡ፤ ከዚያም ማን መምጣት እንዳለበት ብቻ ሳይሆን ማን መምጣት እንደሌለበትም ወስኑ። «ከበደች» ትምጣ ወይስ አትምጣ የሚለው ጥያቄ ራሱ ከደንበኛው ጋር ያልተነጋገራችሁበት ነገር እንዳለ ያሳያችኋል። የባዶ ፍለጋም ነገር እንዲሁ ነው፦ % በ«ላይክ» ውስጥ «ማንኛውም ጽሑፍ» ማለት ስለሆነ፣ በሁለት % መካከል ምንም ካልገባ «ላይክ» የተጻፈ ነገር ያለበትን ረድፍ ሁሉ ያመጣል። የክሊኒክ ካርድ በሙሉ አንድ ስክሪን ላይ እንዲዘረገፍ ማንም አይፈልግም።

በአማርኛ ለሚፈልግ ሰው አለመፈተን

በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት) ሀ፣ ሐ እና ኀ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ትክክልም ነው፣ በግእዝ የተለያዩ ፊደላት ናቸውና። ዩኒኮድ ጽሑፍን አንድ ዓይነት ለማድረግ የሚጠቀምበት ሥርዓት እነዚህን አያዋህድም፤ ስለዚህ «ዝግጁው የኮድ ላይብረሪ ይሠራልኛል» ብሎ መተው አይቻልም። «ዓለምፀሐይ»ን ብቻ ውሰዱ። «ዓ» በአራት መንገድ ይጻፋል፦ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ። «ፀ» በሁለት። «ሐ» በስድስት፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ሲባዛ 48 አጻጻፍ ነው፤ «ዓለም» እና «ፀሐይ» ተለያይተው ከተጻፉ ደግሞ እጥፍ ይሆናል። ዳታቤዙ ከእነዚህ አንዱን ብቻ ነው የሚያውቀው።

መፍትሔው ስሙ እንደተጻፈ እንዲቀመጥ አድርጎ፣ አጠገቡ በሌላ አምድ ፊደሉ አንድ ዓይነት የተደረገ ቅጂ መያዝና ፍለጋውን በዚያ ላይ ማድረግ ነው። የሰውን ስም አጻጻፍ ግን አትንኩ፤ ካርዱ ላይ «ኃይሉ» ያለ ሰው «ሀይሉ» ተብሎ እንዲታተምበት አይፈልግም። ይህ ለስም ፍለጋ ይበጃል፤ ለመዝገበ ቃላት ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣ ምክንያቱም የወጣችው ፀሐይ «ሠረቀ» እና የሌባው «ሰረቀ» አንድ ላይ ይቀላቀላሉ።

አሁን ወደ ቴስቱ። ብዙ ጊዜ የማየው «ሐ»ን ወደ «ሀ» የሚቀይር ኮድና «ሐ»ን ብቻ የሚፈትን ቴስት ነው። «ሑሴን» ተብሎ የተመዘገበው ሰው «ሁሴን» ሲባል አሁንም አይገኝም፣ ካዕቡ ተረስቷልና። ቴስቱ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ሰባቱንም፣ ለሁሉም ቤተሰብ ይዙር። ሁለተኛው ስህተት ይበልጥ ይደበቃል፦ ቴስቱ የሚጠብቀውን መልስ በዚያው በሚፈተነው ፈንክሽን ያዘጋጃል። ፈንክሽኑ ቢሳሳት የሚጠበቀውም መልስ አብሮ ይሳሳታል፣ ሁለቱ ይስማማሉ፣ ቴስቱ ያልፋል። የሚጠበቀውን መልስ በእጃችሁ ጻፉት። ስሙን ሲያስገባ ደግሞ ቴስቱ እንደ ካርድ ክፍሉ ሠራተኛ በመመዝገቢያው በር ይግባ፤ ቅጂው አምድ መሞላቱ የሚታወቀው ያኔ ነው።

የአያት ስም የሌለው ሰው

ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ተቀጥለው በአንድ ላይ ይፈለጋሉ። በፖስትግሬስ ማጣመሪያ || ከተጠቀማችሁ ከሦስቱ አንዱ «ነል» (ያልተሞላ) ሲሆን የተቀጠለው ነገር በሙሉ «ነል» ይሆናል፤ የሌላው ዳታቤዝ የማይ ኤስ ኪው ኤል ማጣመሪያም እንዲሁ ነው። የአያት ስሙ ያልተሞላ ታካሚ በራሱ ስምም፣ በአባቱ ስምም አይገኝም። የእኛ የቴስት ሰዎች ሁሉ እስከ አያታቸው የተሞሉ ስለነበሩ ይህን ለማወቅ ወራት ፈጀብን።

% እና _

ኩዌሪያችሁ የሚፈለገውን ቃል ለብቻው በፓራሜትር ስለሚልክ ከሰርጎ ገብ ተጠብቃችኋል፤ ይህ ግን % እና _ (_ ማንኛውንም አንድ ፊደል ይወክላል) በ«ላይክ» ውስጥ ልዩ ትርጉማቸውን እንዳይዙ አያደርግም። በመድኃኒት ዝርዝር ውስጥ «ዴክስትሮዝ 5%» ብላችሁ ፈልጉ። % ካልመከነ «ዴክስትሮዝ 50%»ም አብሮ ይመጣል፤ መጠኑ አሥር እጥፍ ነው። ይህን ቴስት በእነዚሁ ቃላት ጻፉት፣ 50% እንዳይመጣም አረጋግጡ። የማምከኛው ምልክትም ከዳታቤዝ ዳታቤዝ ይለያል፦ ፖስትግሬስ ወደ ኋላ ያዘመመውን ሰረዝ በራሱ ያውቃል፣ ኤስኪውላይት ግን ካልነገራችሁት አያውቅም።

ቅደም ተከተልን ማመን

«ኦርደር ባይ» (ውጤቱን የሚደረድረው ትእዛዝ) የሌለው ኩዌሪ የቅደም ተከተል ዋስትና የለውም። በፖስትግሬስ አንድ ረድፍ ሲሻሻል አዲስ ቅጂ ስለሚጻፍ ትናንት ከላይ የነበረው ዛሬ ከታች ሊመጣ ይችላል። በስም ብቻ መደርደርም አይበቃም፤ «መሐመድ አሕመድ» የሚባሉ ብዙ ሰዎች ባሉበት አንዱ በሁለት ገጽ ላይ ሊታይ፣ ሌላው በየትኛውም ላይ ሊጠፋ ይችላል። ከስሙ ቀጥሎ የካርድ ቁጥሩን ጨምሩ። ለቴስቱ አንድ ስም ያላቸው 25 ሰዎች አስገቡ፣ በአሥር በአሥር ሦስት ገጽ ጥሩ፣ እያንዳንዱ የካርድ ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ መታየቱን አረጋግጡ።

የማይ ኤስ ኪው ኤል ሙሉ ጽሑፍ ፍለጋ

እያንዳንዱ ቴስት በትራንዛክሽን (አብረው በሚጸድቁ ወይም በሚሰረዙ ለውጦች) ውስጥ ሮጦ መጨረሻ ላይ ሮልባክ ይደረጋል፣ ማለትም ያስገባው ሁሉ ይሰረዛል፤ መልካም ልማድ ነው። በኢኖዲቢ (ማይ ኤስ ኪው ኤል ዳታውን በሚያስቀምጥበት ክፍል) ግን የሙሉ ጽሑፍ ፍለጋ የሚያየው ኮሚት የተደረገውን (የጸደቀውን) ብቻ ስለሆነ ቴስቱ አሁን ያስገባውን ረድፍ አያገኘውም። አንድ ጀማሪ በዚህ ሁለት ቀን ሲደክም አይቼ አሳዘነኝ፤ ኮዱ ትክክል ነበር። ሌላም አለ፦ በኢኖዲቢ የተለመደው ትንሹ የቃል ርዝመት 3 ነው። «አበበ» ይገኛል፤ ሁለት ፊደል ያላቸው «ሙሉ» እና «ሣራ» ግን ኢንዴክሱ (ፍለጋው የሚያየው የቃላት ማውጫ) ውስጥ አይገቡም። ከቴስት ስሞቻችሁ መካከል አንዷ ሣራ ትሁን።

አንድ የቴስት ዳታ ለሁሉም

«ውጤቱ ሦስት ነው» የሚል ቴስት የሥራ ባልደረባችሁ አራተኛ ረድፍ ሲጨምር ይወድቃል። እያንዳንዱ ቴስት የራሱን ረድፎች ያስገባ።

ከማስተካከያው በኋላ የተጻፈ ቴስት

ከካርድ ክፍል ቅሬታ ሲመጣ መጀመሪያ ኮዱ ይስተካከላል፣ ከዚያ «ለደንቡ» ቴስት ይጨመራል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ማስተካከያው ቢወጣም የሚያልፉ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። ቴስቱን አስቀድማችሁ፣ ሠራተኛዋ በጻፈችው ፊደል እንዳለ ጻፉት፤ ሲወድቅም እዩት። ከረፈደ ደግሞ ማስተካከያውን ለጊዜው አውጥታችሁ ቴስቱን አስኪዱና ለምን እንደወደቀ መልእክቱን አንብቡ።