የሲኤንሲ ቫኪዩም ጠረጴዛ ሥራ አልይዝ ሲል፦ እኔ ጋ የሠራው

የሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ ማሽን) ቫኪዩም ጠረጴዛ የሚቆረጠውን ሰሌዳ አየር በመምጠጥ ይይዛል። የችግሩ ምልክት ሁለት ነበር። ትንንሽ ቁራጮች እየተቆረጡ ሳሉ ይንሸራተታሉ፤ ትልቅ ሰሌዳ ላይ ደግሞ ጥልቀቱ በአንዱ ጥግ 3 ሚሊሜትር፣ በሌላው 2.6 ይወጣል።

መጀመሪያ ፓምፑን ጠረጠርኩ። ፊልትሩን አጸዳሁ፣ የቱቦ ማያያዣዎቹን አጠበቅኩ፤ የቫኪዩም መለኪያው ጌጅ ንቅንቅ አላለም። ቀጥዬ ከጠረጴዛው ላይ የተነጠፈውንና አየር የሚያሳልፈውን ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ጭረት የተጨመቀ ሰሌዳ) ደልዳላ እንዲሆን እንደገና በማሽኑ ላጥኩት። ፓምፑ ሲበራ ልዩነቱ ተመልሶ መጣ። ሦስት ቀን የፈጀብኝ ይሄ ነው፦ የምልጠው ፓምፑ ጠፍቶ፣ ኤምዲኤፉ በአራት ጥግ በብሎን ታስሮ ነበር። ቫኪዩሙ ወደ ታች ሲስበው ቅርጹ ይቀየራል፤ ደልዳላ ያልኩት ሁሉ ይበላሻል።

ብሎኖቹን አወጣሁ። የስፒንድሉን (መቁረጫውን የሚያሽከረክረውን ክፍል) ቀጥ ማለት በዳያል ኢንዲኬተር (ጥቃቅን ልዩነት የሚያሳይ ባለመርፌ መለኪያ) አስተካከልኩ፤ ካዘመመ እያንዳንዱ መስመር ደረጃ ይሠራል። ከዚያ የኤምዲኤፉን ጠርዞች ዙሪያውን ሁለት ጊዜ የእንጨት ኮላ ቀባሁ፤ መሃሉ ከፊቱ ይልቅ አየር ስለሚያሳልፍ ትልቁ ፍሳሽ እዚያ ነው። ጌጁ ወዲያው ተንቀሳቀሰ! የፋብሪካው ጠጣር ፊት ደግሞ አየር እንዳያልፍ ስለሚያግድ ከሁለቱም በኩል ግማሽ ሚሊሜትር ላጥኩ። የመጨረሻውን ልጠት የሠራሁት ፓምፑ 20 ደቂቃ ከሠራ በኋላ፣ ሳላጠፋው ነው። ልዩነቱ ከ0.1 ሚሊሜትር በታች ወረደ።

ሥራው የማይሸፍነውን ቦታ በፕላስቲክ ሸፍኑ። ጥሩ ቫኪዩም ቢኖርም 5 በ5 ሴንቲሜትር ቁራጭን የሚይዘው ጉልበት ከ25 ኪሎ አያልፍም፤ ለእንዲህ ያለው ከሥር ግማሽ ሚሊሜትር አስቀርቼ በመጨረሻ ዙር በዝግታ እቆርጠዋለሁ።