የባቡር ሞዴል ከነአገሩ ሰርታችሁ ስጦታ መስጠት ለምትፈልጉ

ከሁሉ በፊት ስጦታው የሚደርሰው ሰው የትኛውን ባቡር እንደሚወድ እወቁ፣ ልኩ ሁሉ ከዛ ነው የሚነሳው። ምድር ባቡር ሰርተው ጡረታ ለወጡ አባት ከሆነ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የገባው የድሮው የጅቡቲ ባቡር ነው፣ የሀዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነው። ለቡ ጣቢያ አዲሱን እያየ ላደገ ልጅ ከሆነ ደሞ 1.435 ሜትር ነው፣ ከላይም የኤሌክትሪክ ሽቦ አለው። በ1፡87 ስትቀንሱት፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ ስታሳንሱት፣ አዲሱ 16.5 ሚሊ፣ የድሮው 11.5 ሚሊ አካባቢ ይመጣል። በተለምዶ ለዚህ ልክ ኤች ኦ ተብሎ የሚሸጠው የሞዴል ሀዲድ 16.5 ስለሆነ ለድሮው አይሆንም፣ እዛ የሰሩ ሰው ገና ሲያዩት ያውቁታል። ስለማይንቀሳቀስ በክብሪት እንጨትና በቀጭን ሽቦ ራሳችሁ ስሩት።

60 በ30 ሳንቲም ኮምፔንሳቶ ይበቃል፣ ግን 60 ሳንቲም ማለት በእውኑ 52 ሜትር ብቻ ነው፣ ስለዚህ ጣቢያውንም ድልድዩንም ገበያውንም ላስገባ አትበሉ፣ አንድ ቦታ ብቻ ያዙ። እኔ አቃቂ ዳር ሀዲዱ በእርሻ መሀል የሚያልፍበትን ነው የምመርጠው።

ጉብታውን የቲቪ ማሸጊያ ፎም ቆርጣችሁ ጋዜጣ በኮላ አልብሱት። ስፕሬይ ቀለም እንዳታስጠጉ፣ ፎሙን ያቀልጠዋል፣ የውሃ ቀለም ነው የሚሆነው።

አፈሩን ከቦታው አምጡ፣ እዚህ ላይ አትስነፉ! የአቃቂን ጥቁር አፈር አድርቃችሁ በሻይ ማጥለያ ንፉት፣ ከውሃና ከኮላ ጋር ለውሳችሁ ወፈር አርጋችሁ ስትቀቡት ሲደርቅ ራሱ ይሰነጠቃል፣ በጋ ላይ ማሳው እንደሚሰነጠቀው ማለት ነው፣ ይሄን ምንም ቀለም አይሰራውም። ባህር ዛፉን ከደረቀ ጭራሮ ስሩ፣ 15 ሜትር የነበረው 17 ሳንቲም ይሆናል፣ ሰው ደሞ 2 ሳንቲም።

ለቆርቆሮ ጣሪያ የካርቶኑን የውስጥ ሞገድ አትጠቀሙ፣ በጣም ትልቅ ነው። ፎይል ዘርግታችሁ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ በማስመሪያ ከ1 ሚሊ ትንሽ በሚያንስ ርቀት መስመር መስመር አርጉበት፣ ከዛ ቡናማ ቀለም በስፖንጅ ነካ ነካ ስታረጉት ዝገቱ ይመጣል።

ጠጠሩን ሀዲዱ መሀል ካፈሰሳችሁ በኋላ ኮላ ወዲያው አታድርጉ። መጀመሪያ ጥቂት ጠብታ ላርጎ ያለበት ውሃ በስሱ ርጩበት፣ ያኔ ኮላው ላይ ላዩን ሳይንከባለል ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ ቀጥሎ ኮላ በእኩል ውሃ አቅጥናችሁ በሲሪንጅ ጠብ ጠብ አርጉ።

ባቡሩን ከስር በሽቦ እሰሩት፣ ታክሲ ውስጥ ይነቃነቃላ። ሞዴሉን የሚሸፍነውን መስታወት የምትገጥሙት ደሞ ሁሉም ነገር ድርቅ ካለ በኋላ ነው፣ እርጥበት ከቀረ ከውስጥ ላብ ያወጣና ይሻግታል፣ በተለይ ክረምት ከሆነ ጊዜ ስጡት።